ቤት ለቤት የታረመው የሙዝ አበባ

በኑረምበርግ፣ ፔግኒትዝ ወንዝ ዳር በቆመው የዘባልት ማተሚያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ስድስት ሴቶች ፊታቸውን ለሰሜኑ መስኮት ሰጥተው ቀኑን ሙሉ አበባ ይቀቡ ነበር። በመዳብ ሰሌዳ የታተመው ሥዕል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣላቸዋል። አንዷ አረንጓዴውን፣ ሌላዋ ቢጫውን፣ ሌላዋ ቡኒውን እየቀባች ወረቀቱን ለጎረቤቷ ታሳልፋለች፤ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲደርስ ተክሉ ነፍስ ይዘራል። ጫፉ ላይ የምትቀመጠው ኩኒጉንዴ ሃይደል ነበረች። በሙሉ ስሟ የሚጠራት ቄሱ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ ጉንደል ናት። ድርሻዋም ቀዩ ነበር።

በቀይ ነገር ጉንደልን የሚያህላት አልነበረም። ከደረቁ ትሎች የሚወጣውን ደማቅ ቀለም በዛጎል ውስጥ በሙጫ ውሃ ስትበጠብጥ፣ ጠብታውን ጥፍሯ ላይ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ስታዘነብለው፣ ሌሎቹ ሴቶች ብሩሻቸውን አቁመው ይመለከቷት ነበር።

«ጉንደል ስታፍር እንኳ ጉንጯ የሚቀላው በልኩ ነው» ይሏታል።

«እናንተ ማፈር ብታውቁ ኖሮ ቀለሙን እሰጣችሁ ነበር» ትላቸዋለች።

ያደገችው ከከተማው ቅጥር ውጭ በጎስተንሆፍ ሰፈር ነው። እናቷ ለወረቀት ሠሪዎች አሮጌ ጨርቅ የምትለቅም ሴት ነበረች። ጉንደል ይህን ደብቃ አታውቅም፤ እንዲያውም «ወረቀቱን እናቴ ሠራችው፣ እኔ አበባ አወጣሁበት» ብላ ደረቷን ትነፋ ነበር። ያገባችው መርፌ ሠሪ ነው። ባሏ ኡትስ መርፌ ሲስል የሚወጣው ብናኝ ደረቱ ውስጥ ገብቶ፣ በተጋቡ በዘጠነኛው ዓመት ቀበረችው። ልጅ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ያላት አራት ፎቅ ደረጃ የሚወጣበት አንድ ክፍል ቤት፣ ባለ ሽኮኮ ጸጉር ብሩሾቿና ያ ጠረጴዛ ነው። ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት ደግሞ አርባ ስድስተኛ ዕድሜዋን ይዛ ነበር።

በዚያ ጊዜ ባለጠጎቹ ከቅጥሩ ውጭ ባሉት የአትክልት ቦታዎቻቸው የመስታወት ቤት እያሠሩ፣ ክረምቱን ምድጃ እያነደዱ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ተክል ሁሉ ያሳድጉ ነበር። አናናስ፣ ፓፓያ፣ ቁልቋል፣ ከአፍሪካ ጫፍ የመጣ እሬት ሳይቀር። ሐኪሞች ስለ ተክሎቹ ይጽፋሉ፤ ዘባልት ሥዕላቸውን ያሳትማል። ጉንደል ግን ከቀባቻቸው ሁሉ አንዱንም በዓይኗ አይታ አታውቅም። የምታየው ዘባልት ከፊቷ የሚሰቅለውን የናሙና ወረቀት ነው። ናሙናው ቀይ ካለ፣ ቀይ ነው።

ከሥራዋ ሁሉ ስሟን ያስጠራላት የሙዙ ሥዕል ነበር። ሰፋፊ ቅጠሎቹ መካከል የተንጠለጠለውን ልብ የመሰለ አበባ እንደ ፍም አድርጋ ቀባችው። ሁለት መቶ አሥር ወረቀት ከእጇ ወጣ። ዘባልት አንዱን በሱቁ መስኮት ሰቀለው፤ መንገደኛው ይቆምለት ጀመር። ወይዛዝርቱም ጨርቃቸውን ለማቅለሚያ ሲልኩ «የጉንደልን ቀይ አድርግልኝ» እያሉ ያዙ ነበር። እሷ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች፤ ግን ትሰማለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ዓርብ ጉንደል ገበያ ላይ ጥቁር ፍጅል ስትመርጥ በአንድ ባለጠጋ የመስታወት ቤት የሚሠራ አትክልተኛ ሚስት የሆነችው ዋልቡርጋ ከኋላዋ ክንዷን ያዘቻት።

«አንቺ ጉንደል! ያንቺ አበባ እኮ ወጣ!»

«የኔ ምን?»

«ሙዙ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሲያሳየን ኖሮ፣ ባለፈው ሳምንት ከአናቱ የጥጃ ጭንቅላት የሚያክል ነገር ዱብ አደረገ። ጌታችን ሰው ሁሉ እንዲያይለት በሩን አስከፍቷል። ነገ ነይ፣ እኔ በጎን በር አስገባሻለሁ።»

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ሥራ እንደተፈታ፣ ጉንደል የእሑድ ቆቧን በስታርች አድርቃ ደፋችና ከከተማው በር ወጣች። ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ትመስል ነበር። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም የሚሄደው ወደዚያው ነው። የመስታወቱ ቤት ውስጥ ሙቀቱና የረጠበ የዛፍ ቅርፊት ሽታው ትንፋሽ ይይዛል። ሰዎቹን በክንዷ እየከፈለች ከፊት ደረሰችና ቀና አለች።

ቀይ አልነበረም።

የተንጠለጠለው ነገር እንደ ቆየ ወይን ጠጅ የጠቆረ፣ ላዩ ላይ የበሰለ ፕሪም የሚኖረው ዓይነት ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ነበር። ጉንደል ምናልባት የቆመችበት ቦታ ይሆናል ብላ ወደ ግራ ዞረች። ከዚያ ወደ ቀኝ። ከዚያ ፀሐዩ ከጀርባው በሚገባበት በኩል ሄዳ አየችው። ከሦስቱም በኩል ወይን ጠጅ ነው።

አጠገቧ የቆመች ቋሊማ ሻጭ ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። «ይሄ ነው እንዴ? ዘባልት መስኮት ላይ ያለው እንዴት ያምራል! ይሄ እኮ ጉበት ነው።»

«የቀባው ሰው ጠጥቶ ነበራ» አለ ባሏ፤ በዙሪያው ያለው ሰው ሳቀ።

ጉንደል ቆቧ በእንፋሎቱ እየረጠበ፣ ስታርቹ እየለቀቀ፣ ቆማ ቀረች። ዋልቡርጋ ፊቷን አይታ ገባት። ወደ ተክሉ ተጠግታ የአበባውን የላይኛ ሽፋን በጣቷ ገለጥ አደረገችላት። ውስጡ ቀይ ነበር። ያውም የራሷ የጉንደል ቀይ። ከባሕር ማዶ «ቀይ ነው» ብሎ የጻፈው ሰው ውስጡን አይቶ እንደሆነ፣ ናሙናውን የሠራው ደግሞ ምንም ሳያይ ያንን አንብቦ እንደሆነ ያኔ ተረዳች።

«ዋልቡርጋ፣ የወደቀ ሽፋን አይኖርሽም?»

«ጠዋት ጠዋት ይረግፋሉ። ዝም በይና ያዢ» ብላ አንዱን በሽርጧ ሥር አቀበለቻት።

ቤቷ እንደገባች ሽፋኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ ዛጎሎቿን ደረደረች። መጀመሪያ ቀዩንና ሰማያዊውን አንድ ላይ በጠበጠችው፤ የጭቃ ውሃ ሆነባት። ሰማያዊውን አበዛች፤ ባሰበት። ከዚያ ቀዩን ለብቻው ቀባችው፣ ጠብቃ አደረቀችው፣ ከላዩ ሰማያዊውን እንደ ሻሽ አሳስታ ዘረጋችበት። ያን ጊዜ ቀዩ ከሥር መተንፈስ ጀመረ። በመጨረሻም ውሃ የሌለው በሚመስል ብሩሽ ነጩን ዱቄት አስነካችው። ወረቀቱን ከሽፋኑ ጎን አድርጋ ወደ በሩ ስታፈገፍግ፣ የትኛው አበባ የትኛው ወረቀት እንደሆነ ለራሷም አልለይ አላት።

ብቻዋን ሳቀች። ወዲያው ግን ሁለት መቶ አሥሩ ወረቀት ትዝ አላትና አልጋዋ ላይ ቁጭ አለች። ነገር ግን አሁን ያገኘችው ቀለም በደረቀ ቀይ ላይ ሰማያዊ በማልበስ የሚወጣ ነው። በየቤቱ ያለው አበባ ደግሞ ቀይ ነው። ይታረማል ማለት ነው!

ሰኞ ጠዋት ዘባልት ኮቱን ሳያወልቅ ፊቱ ቆመች።

«ጌታው፣ ሙዙን አይቼው መጣሁ።»

«እኔም አይቼዋለሁ። ያስጠላል።»

«ያስጠላ አያስጠላ የፈጠረው ያውቃል። እኛ ቀይ ነው ብለን ሸጠናል፤ ቀይ አይደለም።»

ዘባልት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር የሚያስፈራው ሰው ነበር። በሩን ዘጋ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጉንደል፣ ወረቀቱ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰዉ አስጠርዞ ቁምሳጥኑ ውስጥ ቆልፎታል። ምን አድርግ ነው የምትይኝ?» አላት።

«ምንም አያድርጉ። እኔ እየዞርኩ አርመዋለሁ።»

«ዘባልት ተሳሳተ ተብሎ ቤት ለቤት ይታወጅልኝ? ደግሞ ጥፋቱ የናሙናው ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

«እንጭጩ ፍሬ ወደ ላይ ቀና ብሎ ሳለ ሥዕሉ ላይ ቁልቁል ነው የተንጠለጠለው፤ እሱ የመዳብ ሰሌዳውን የቀረጸው ሰው ጥፋት ነው፣ ይጨነቅበት። ጽሑፉ የሐኪሙ ነው። ወረቀቱ የእርስዎ ነው። ቀዩ ግን የእኔ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹የጉንደል ቀይ› ሲባል ደስ እያለኝ ሰምቼ፣ ዛሬ የናሙናው ነው ብል አያሳፍረኝም?»

«አልፈቅድልሽም።»

«በእርስዎ ሰዓት አልሄድም፤ በእርስዎም ቀለም አልነካውም» ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከተማው ውስጥ ሠላሳ ሦስት ደንበኞች ነበሩ። ወረቀቱን ያኔ ያደረሰችላቸው ራሷ ስለነበረች ቤቶቹን ታውቃቸዋለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዛጎሎቿን በቅርጫት ይዛ መጀመሪያ የገባችው መድኃኒት ቀማሚው ኤንድረስ ጋ ነው። ኤንድረስ ሽማግሌ ነው፤ ሙዙንም አይቶታል። የመጣችበትን ስትነግረው ሚዛኑን ገፋ አደረገና መጽሐፉን ዘረጋላት። እሷ ሰማያዊውን ስታለብስ አጎንብሶ ሲያይ ቆየ። ስትጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምነው ጋሽ ኤንድረስ?»

«እንዳላናውጥሽ ትንፋሼን ይዤ ነበር» አላት። ሚዛኑን ወደ ቦታው እየመለሰም፣ «እኔ እዚህ ቆሜ ሠላሳ ዓመት መድኃኒት ስመዝን፣ ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ተመልሼ በሩን ያንኳኳሁበት ሰው የለም» አለ።

ሁሉም ግን እንደ ኤንድረስ አልነበሩም። ባለጠጋዋ መበለት ወይዘሮ ፌሊሲታስ ጉንደልን ሳሎናቸው በር ላይ አቁመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ጥፍራቸው እንኳ እንደ ቀሚሳቸው የተስተካከለ ሴት ነበሩ። ቀሚሱ ደግሞ ቀይ ነው።

«መጽሐፌ ላይ ቀለም ልትደፊበት?»

«ልደፋበት አይደለም እሜቴ፣ ላርመው ነው።»

«ምኑን ነው የምታርሚው? ይህን ቀሚስ ያስነከርኩት ያንን አበባ አይቼ እኮ ነው! አልጋዬን የጋረድኩበትንም መጋረጃ! አሁን አንቺ መጥተሽ አበባው ቀይ አይደለም ስትዪኝ፣ እኔ ለብሼ የምዞረው ምንድን ነው?»

ጉንደል ሳቋ መጣባትና ከንፈሯን ነከሰች። «ቀሚሱ ያምርብዎታል፤ ቀዩም ጥሩ ቀይ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት። ሙዙ ግን አልለበሰውም።»

«አላምንሽም።»

«አይመኑኝ። ሄደው ይዩት።»

«እግሬን ሪህ ይዞት ከቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኛል።»

«በወንበር ተሸክመው ይውሰዱዎታ።»

ወይዘሮዋን እስከዚያ ቀን «ይውሰዱዎታ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ተቆጡ። ከተቆጡ በኋላ ግን አሽከሮቹን ጠሩና በመሸከሚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ወጡ፤ ጉንደል ቅርጫቷን ይዛ ከጎናቸው ትራመድ ነበር። ከመስታወቱ ቤት ሲደርሱ ሰው ገለል አለላቸው። ወይዘሮ ፌሊሲታስ አበባውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱቄቱን በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው ያረፈበት ቦታ እንደ መስታወት ጠራ።

«ከኔ ቀሚስ የበለጠ ክብር አለው» አሉ በመጨረሻ። «ነይ እንሂድ፤ መጽሐፉን አርሚው። ቀሚሱ ግን ቀይ እንደሆነ ይቅር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ወይዘሮ ፌሊሲታስ ያስደረጉትን ማን አላስደርግም ይላል? በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች በሮች ጉንደል ሳታንኳኳ ይከፈቱላት ጀመር። አንድ ቤት በቢራ የተሠራ ሾርባ አቀረቡላት፤ አንድ ቤት ደግሞ የቅመም ብስኩት በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። የከተማው ምክር ቤት አባል የሆኑት ሂሮኒመስ ብቻ መጽሐፋቸውን እንደታቀፉ ቆሙ።

«በመጽሐፌ ቀይ ነው» አሏት።

«በተክሉ ወይን ጠጅ ነው፣ ጌታዬ።»

«ተክሉን ያበቀለው አትክልተኛ ነው። መጽሐፉን የጻፈው የተማረ ሰው ነው። እኔ ማንን ነው የማምነው?»

«ዓይንዎን።»

በሩ ፊቷ ላይ ተዘጋ። እሳቸው ደግሞ በዚያ አላበቁም፤ ቀጥ ብለው ዘባልት ዘንድ ሄዱና አንዲት ቀለም ቀቢ ሴት የተከበሩ ሰዎችን በር እያንኳኳች የማተሚያ ቤቱን ስም እያጠፋች ነው ብለው ከሰሱ።

ዘባልት ጉንደልን ሴቶቹ ሁሉ ፊት ጠራት። ፊቱ ገርጥቷል። «ከልክዬሽ ነበር» አለ።

«ከልክለውኝ ነበር» አለች።

«እንግዲያው ቦታሽን ልቀቂ።»

ሴቶቹ ብሩሾቻቸውን አስቀመጡ። ጉንደል የራሷን ብሩሾች አንድ በአንድ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቀለለች። የማተሚያ ቤቱን ዛጎሎች እንዳሉ ተወቻቸው። ደረጃውን ወርዳ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቀና ብላ መራመዷን ያዩ ሁሉ በኋላ አወሩት።

ኑረምበርግ ብሩሽ መያዝ የሚችል ሰው ጾሙን የሚያድርበት ከተማ አይደለም። ጉንደል አንድ አሻንጉሊት ሠሪ ዘንድ ገብታ የእንጨት አሻንጉሊቶችን ጉንጭ ማቅላት ጀመረች። በቀን ሁለት መቶ ጉንጭ! ጓደኞቿ ሲያገኟት «አሁንስ ማንን ታርሚያለሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ «እነዚህንም አርሜያቸዋለሁ፤ ሁሉም የጤነኛ ጉንጭ አላቸው» ትላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ቅርጫቷን ታነሣለች። ከሠላሳ ሦስቱ ሠላሳ አንዱን አረመች። ከቀሩት አንደኛው የሂሮኒመስ ነው፤ ሁለተኛው ባለቤቱ ወደ ሌላ አገር ይዞት ሄዷል።

በዚህ መካከል ሽማግሌው ኤንድረስ ለሌላ ከተማ መድኃኒት ቀማሚዎችና ሐኪሞች በጻፋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ፣ ከመዝጊያው ሰላምታ በፊት፣ ስለ ሙዙ እርማት አንድ አንድ መስመር ያስገባ ነበር። የደብዳቤዎቹ ውጤት የታየው በመከር ነው። ከአልትዶርፍ፣ ከአውግስቡርግ፣ ከላይፕሲግም ሳይቀር በጥቅል በጥቅል ወረቀት ይመጣ ጀመር፤ ሁሉም «እንደ ከተማችሁ ቅጂ ይታረምልን» የሚል ነው። ዘባልት መጀመሪያ ለሌሎቹ ሴቶች ሰጣቸው። እነሱም ቀለሙን በአንድ ዛጎል በጠበጡት፤ ጭቃ ሆነ። ሁለት ወረቀት ተበላሸ። ሦስተኛውን አረንጓዴ የምትቀባው ሴት ወደ ዘባልት መለሰችለት።

«እኛ አንችልም። የምትችለዋ አሻንጉሊት ትቀባለች» አለችው።

ዘባልት የአራቱን ፎቅ ደረጃ ወጥቶ የጉንደልን በር ሲያንኳኳ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። እሷ ተነሥታ ያላትን አንድ ወንበር ሰጠችው።

«ሰባ ሦስት ወረቀት መጥቷል» አለ ዘባልት።

«ጥሩ ነው።»

«ጉንደል፣ ተመለሽ። ተሳስቻለሁ።»

ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ መጀመሪያዋ ነው። ልቧ ቀለጠ፤ ግን ፊቷ ላይ አላወጣችውም። «እመለሳለሁ» አለችው። «ሁለት ነገር ግን አለ። ተክሉ በከተማችን በቅሎ እያለ፣ ሳታየው የምትቀባ ሴት አትኖርም። በሥራ ሰዓት ሄዳ ታየዋለች። ሁለተኛ፣ ናሙናው ጀርባ ላይ ያየው ሰው ስም ይጻፋል። ማንም ያላየው ከሆነም፣ ማንም አላየውም ተብሎ ይጻፍ።»

«በሥራ ሰዓት?»

«በሥራ ሰዓት።»

«ስድስት ሴት ጭቃ ረግጣ ደረጃዬን ልታበላሽ!»

«መወልወያ ይግዙ።»

ዘባልት ሳይወድ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ እንቢ ማለት አልቻለም።

ሰባ ሦስቱን ወረቀት በአንድ ወር ውስጥ ጨረሰቻቸው፤ ከዚያ በኋላም ሌላ መጣ። በዚያው ሰሞን የሙዙ ፍሬ በስሎ የመስታወቱ ቤት ጌታ የምክር ቤቱን ሰዎች ጋበዙበት። ዋልቡርጋ የአንዱን ግማሽ አስተርፋ በመሐረብ ለጉንደል አመጣችላት። ጉንደል ቀመሰችው።

«እንዴት ነው?»

«ሳሙና በማር። ቀለሙ ይበልጣል» አለች፤ ግን ሁሉንም በላችው።

በጸደይ ከአፍሪካ ጫፍ የመጣው እሬት አበበ። ስድስቱም ሴቶች በረቡዕ ጠዋት፣ በሥራ ሰዓት፣ ተሰልፈው በከተማው በር ወጡ። የበሩ ጠባቂዎች የት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው አረንጓዴ የምትቀባዋ ሴት «ሥራ ላይ ነን» አለቻቸው። ጉንደል እሬቱን ከሥሩ ጀምራ አየችው፤ አበባው ከታች ቢጫ፣ ከላይ ደግሞ እንደ ተላጠ ካሮት ነበር፤ ቀይ የሚባለው ጫፉ ላይ ያለው ጭላንጭል ብቻ ነው። አዲሱን ናሙና በራሷ እጅ ሠራችው። ድሮ ከታች እስከ ላይ ቀይ ያደረገችውን አበባ አሁን ሦስት ነጥብ ቀይ ብቻ ሰጠችው፤ በዚያ በሦስቱ ነጥብ ግን ተክሉ ሁሉ በራ።

ሲደርቅ ዘባልት ወረቀቱን ገልብጦ ብዕርና ቀለም ከፊቷ አስቀመጠ። «እንግዲህ ያየው ሰው ይጻፍ ብለሻል።»

ጉንደል መጻፍ አታውቅም ነበር። ማንም አላወቀባትም፤ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን የጠየቃት አልነበረም። ብዕሩን ባለበት ትታ ወደ ኤንድረስ ሱቅ ወረደች፤ ሽማግሌው ባረጀ የመድኃኒት መጠቅለያ ላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አሳያት። ሦስት ቀን ሙሉ በሽኮኮ ጸጉር ብሩሿ ስትገለብጣቸው ሰነበተች፤ ብሩሽ እንደሆን እጇ ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ምላሷን በከንፈሮቿ መሐል ይዛ፣ በናሙናው ጀርባ ላይ ጻፈች፦ ኩኒጉንዴ ሃይደል አይታዋለች። ፊደሎቹ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት።

ዘባልት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ትንሽ አሳንሰሽ ብትጽፊው ምን ነበረበት? የበር ምልክት እኮ አይደለም።»

«ከሩቅ ይነበባ» አለችው ጉንደል፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ እያዞረች።